ሦስተኛው ቁራጭ

«ከግራ በኩል ትንሽ ሳብ አድርጊው» አለች ቀጮ፣ ከግቢው መሃል ቆማ ወደ ፎቁ አንጋጣ።

ጓደኛዋ በመተላለፊያው ብረት ላይ ጎንበስ ብላ የመጨረሻውን ማሰሪያ ቋጠረችና እጇ መሞቱን ለሰፈሩ ሁሉ አሳወቀች። ቀስ ብላ ስታወራ እንኳ ጎረቤት ስለሚሰማት ትምህርት ቤት «ማይክ» ነው የሚሏት። ቀጮን ደግሞ ቀጮ ያሰኛት ምን እንደሆነ ለማወቅ አንዴ ማየት ይበቃል።

መጋረጃው ከመጀመሪያው ፎቅ መተላለፊያ እስከ ግቢው ሲሚንቶ ድረስ ተዘረጋ። ቁመቱ አራት ሜትር ነው፤ ሰባት ቁራጭ ወይን ጠጅ ከፋይ ጎን ለጎን ተሰፍቶ። ቀጮና ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ ጨርቅ ውስጥ ተቀብረው ከርመዋል። የሚሠሩባት ክፍል ከመጥበቧ የተነሳ አንዱን ጫፍ ሲሰፉ ሌላው ጫፍ አልጋው ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ሲመሽ ደግሞ እነሱ ከእሱ የተረፈው ጥግ ላይ ይተኛሉ። ስለዚህ ሁለቱም እስከዚህ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ መጋረጃውን ሙሉውን አይተውት አያውቁም። ዛሬም የተሰቀለው ሊታይ ሳይሆን ጭምድዱ እንዲወርድ ነው። ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ ማክሰኞ ከሰዓት የቲያትር ክበቡ ዝግጅት አለ።

ቀጮ ወደ ኋላ አፈግፍጋ ቁራጮቹን ከግራ መቁጠር ጀመረች። ስትጨርስ «እፎይ» ልትል ነበር። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗ ቆመ። ስድስቱ ቁራጮች ፀሐዩ ላይ ፈክተው ሲታዩ ሦስተኛው ብቻውን ጠቁሯል። ጥላ መስሏት ወደ ቀኝ ሄደች፤ እንደጠቆረ ነው። ወደ ግራ ሄደች፤ ያው ነው።

ከፋይ ፀጉር ያለው ጨርቅ ነው። ፀጉሩ ወደሚተኛበት ሲዳብሱት ይለሰልሳል፣ በተቃራኒው ሲዳብሱት ይሻክራል። ብርሃን ላይም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ቁራጭ ገልብጦ የሰፋ ሰው፣ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠውን ጨርቅ ሁለት ቀለም ያደርገዋል። ለዚህ ነው አክስቷ ገና በመጀመሪያው ቀን ሕግ ያወጣችው። ከመቁረጥሽ በፊት ዳብሺው፣ ከዚያ ፀጉሩ ወደሚተኛበት በኩል በጀርባው ላይ በጠመኔ ቀስት ሳይበት። የአክስቷ ወገብ ወለል ላይ ለማጎንበስ እምቢ ካለ ስለቆየ፣ መዳበሱም ቀስቱም የቀጮ ድርሻ ነበር።

ስድስቱን ዳብሳለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ስልኳ ጠራ፤ ማይክ ነበረች፣ የባዮሎጂ ፈተና ወደ ሰኞ መምጣቱን ልትነግራት። ቀጮ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ስትበሳጭ ጠመኔውም በእጇ ነበር። ቀስቱን የሳለችው በግምት ነው። ይህንን አሁን ቁጭ ብላ ማስታወስ አያስፈልጋትም፤ ትከሻዋ ላይ የነበረው የስልኩ ሙቀት ሳይቀር ትዝ ይላታል።

«እንዴት ሆነ?» የሚል የአክስቷ ድምፅ በመስኮቱ መጣ።

«ያምራል» አለች ቀጮ።

ሥራውን ያመጣችውም እሷው ናት። የአዳራሹ አሮጌ መጋረጃ ሲቀደድ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ክፍል ለክፍል እየዞሩ ልብስ ሰፊ የሚያውቅ ተማሪ ቢጠይቁ፣ ከሁሉ ቀድማ እጇን አወጣች። ያን እጅ አሁን ብትቆርጠው ደስ ባላት።

ማይክ ደረጃውን ወርዳ አጠገቧ ቆመች። ቀጮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሦስተኛውን አሳየቻት። ማይክ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አድርጋ ብታይ ብታይ ምንም አልታይ አላት፤ አታካብጂ ልትል አፏን ስትከፍት ነገሩ ድንገት ታያት።

«ውይ» አለች፣ በማይክኛ ሹክሹክታ። «ለምን አሳየሽኝ? አሁን እኮ ሌላ ነገር አይታየኝም።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ላሽ በይው። የመጋረጃ ሥራው ምንድነው? ዞር ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ይታያል፣ ከዚያ ተጠቅልሎ ጥግ ይገባል። ያ ሁሉ ሰው የሚመጣው እኛን ሊያይ ነው፣ ጨርቅ ሊያይ አይደለም።»

ቀጮ በልቧ ሒሳቡን ሠራች። ቁራጩን ለመገልበጥ ግራና ቀኙን፣ ማለትም ሁለት ጊዜ አራት ሜትር ስፌት መተርተር ያስፈልጋል። ከላይ ቀለበት የሚገባበት ጥብጣብ ይፈታል፣ ከታች ጠርዙ ይፈታል። ከፋይ ደግሞ ሲተረትሩት ችኮላ አይወድም፤ ክሩን ጎተት ካደረጉት ፀጉሩ አብሮ ይነቀልና ይመለጣል፣ የተመለጠ ከፋይ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ከዚያ መልሶ መስፋት አለ። ዛሬና ነገ ያልቃሉ ማለት ነው። ባዮሎጂ ላይ ሁለት ሙሉ ምዕራፍ ይቀራታል፤ ያለፈው ውጤቷም የሚያኮራ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ እዚህ ጨርቅ ላይ ተደፍታ፣ ረቡዕ ዕለት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደብተሯ ላይ ተኝታ ክፍሉን አስቃለች።

ደክሟታል። ስለ መጋረጃው ስታስብ ዓይኗ ሥር ያለው ሥጋ ሳይቀር የደከመው ይመስላታል።

ማይክ ለጥናት ነበር የመጣችው፤ ግን የቀጮን ፊት አይታ ዛሬ ከዚህች ልጅ ጋር ጥናት እንደሌለ ገባት። ከሰዓት ተመልሳ እንደምትመጣ ነግራት፣ ሦስተኛውን ቁራጭ አንዴ ዞር ብላ አይታ፣ ራሷን እየነቀነቀች ሄደች።

ቀጮ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ብትተወው ማን ያውቃል? የአክስቷ ዓይን ካለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቆመ ስንት ዓመቱ። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው። ግን ይህን እያሰበች ሳለ የቆየ ቂም ተቀሰቀሰባት። አሥራ አንድ ዓመቷ እያለ አክስቷ የማዶውን ፎቅ ዘበኛ ካፖርት ስትሰፋ፣ የውስጥ ኪሱን ቀጮ እንድትሠራው ሰጠቻት። ስፌቱ ትንሽ ዘመም አለ። አስተረተረቻት። እንደገና ሰፋች፣ እንደገና አስተረተረቻት። በአራተኛው ላይ አለቀሰች፤ የአክስቷ ጆሮ ግን ዳባ ለብሶ ነበር። ለማይታይ ኪስ! ያቺው ሴትዮ ዛሬ ይህን ጉድ ብትሰማ የሚመጣውን ታውቀዋለች። ምንም አትቆጣም፤ መተርተሪያውን አንስታ ትሰጣታለች፣ አለቀ።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠች ተነሳች። ልትናገር ይሁን ዝም ልትል ሳትወስን ነው የገባችው።

አክስቷ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሮቿን ወንበሩ ላይ ሰቅላለች። ወገቧን ያየው ሐኪም ነው እንዲህ እንድትሆን ያዘዛት። ከራስጌዋ የስፌት መኪናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ገና ዛሬ ክዳኑን ለብሷል። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ነገር ላይ ወይን ጠጅ ብናኝ አለ፤ ወንበሩ ላይ፣ ካውያው ላይ፣ የአክስቷ ሽበት ላይ ሳይቀር።

«ሸኘሻት?» አለች አክስቷ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ሄደች።» ቀጮ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ቃላቱ ሳታስበው አመለጧት። «አክስቴ፣ ሦስተኛው ቁራጭ ተገልብጧል።»

አክስቷ አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ» አለች።

ቀጮ የሰማችውን ማመን አቃታት። አክስቷ እንደተኛች፣ ጣሪያውን እያየች፣ ያወቀችው ሐሙስ ዕለት እንደሆነ ነገረቻት። ሦስተኛውን ከአራተኛው ጋር እያጋጠመች በመኪናው ሥር ስታሳልፍ አንዱ መዳፏ ላይ ለሰለሰ፣ ሌላው ሻከረ። ዓይን ቢደክም እጅ አይስትም። ሐሙስ ዕለት መተርተር ያለበት ያው ቀጮ ራሷ ከሁለተኛው ጋር የሰፋችው አንድ ወገን ብቻ ነበር።

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሳሁ» አለች አክስቷ። «ትንሽ ቆየሁ። አንቺ እዚያ ጋ መጽሐፍሽን ታቅፈሽ ተኝተሻል። እኔም ወገቤ ሌላ ሰው የሰጠኝ ይመስል የኔ አልሆን ብሎኛል። ከዚያ እግሬን መለስኩና ቀጠልኩ።»

«ዝም ብለሽ?»

«ደከመኝ፣ ልጄ። ሌላ ምንም የለውም።»

ቀጮ እፎይ ማለት ነበረባት። የፈለገችው ይኸው ነበር፤ ማንም ሳይቆጣ፣ ማንም ሳይተረትር፣ ጉዳዩ ተዘጋ። መጽሐፏን ይዛ ጥግ ላይ መቀመጥ ትችላለች። ነገር ግን አክስቷ አንድን ነገር አይታ ስታልፍ አይታት አታውቅም፤ የሰው ልብስ ላይ ያለ የላላ ቁልፍ እንኳ መንገድ ላይ አስቁማ የምታጠብቅ ሴት ናት። አሁን ወለል ላይ ተዘርራ «ደከመኝ» ስትል፣ ቀጮ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን እንደ ሕፃን ፈራች።

«የዘበኛውን ኪስ አራት ጊዜ አስተርትረሽኝ የለ እንዴ?» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ተቆጣ።

አክስቷ ሳቅ አለች፤ ሳቁ ወገቧ ላይ ሲደርስ ፊቷ ተጨማደደ። «አሁንም ይዘሽብኛል?»

«ለማይታይ ኪስ።»

«ለዓይን መች ሆነና። ሰውየው ሙሉ ቀን ብርድ ላይ ቆሞ የሚውል ነው፣ እጁ የሚያርፈው እዚያ ኪስ ውስጥ ነው። ዘመም ያለ ስፌት ጣት ይልጣል፣ ጣቱ ሲላጥ ደግሞ የሰፋውን ሰው ያስባል።» ትንሽ ተነፈሰች። «መጋረጃው ውስጥ ግን ማንም እጁን አይከትም። ማንንም አይልጥም። ይሂድ በቃ። አንቺም ፈተናሽን አጥኚ።»

ቀጮ ለመስማማት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ማይክም ይህንኑ ነው ያለችው፤ ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲላት ደግሞ እምቢ ማለት አይሆንላትም። «እሺ፤ ማክሰኞ መጥተሽ ታይዋለሽ» አለች፣ ነገሩን በመልካም ለመዝጋት ብላ።

አክስቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ማክሰኞ እንኳ አልመጣም። ወገቤ የአዳራሽ ወንበር አይችልም። አንቺ አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ይህች ሴት ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ማክሰኞ ስታወራ ነበር። እግሯ ፔዳሉን እየመታ፣ አፏ ክር እንደነከሰ፣ ሰው ሳይሞላ ቀድማ ገብታ እንደምትቀመጥ ትናገር ነበር። ቲያትሩን አይደለም የምታየው፤ መጋረጃው ሳይከፈት ያለውን ነው። ከተከፈተ በኋላ ያለው የእናንተ ነው፣ እስኪከፈት ያለው የኔ ነው ትላት ነበር። ከዚህ ወዲያ ትልቅ ሥራ እንደማትይዝ ሐኪሙም እሷም ተስማምተዋል፤ ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ብቻ ነው የሚቀረው። ይህንንም የነገረቻት ያለ ምሬት፣ ጠርዝ እየቀመቀመች ነበር።

ቀጮ ወገብ የሚሉት ነገር እስከ ሐሙስ ዕለት ድረስ ከወንበር ጋር እንዳልተጣላ ታውቃለች። ሴትዮዋ መኪናው ፊት ለፊት በጠንካራ ዱካ ላይ በቀን አሥር ሰዓት ተቀምጣ ነው የከረመችው። የሸሸችው ወንበሩን ሳይሆን ሦስተኛውን ቁራጭ ነው።

የምታደርገውን ሳትናገር ወጣች። መጽሐፏ መተላለፊያው ላይ እንደተከፈተ ነበር፤ የሚቀሯትን ሁለት ምዕራፎች ገጽ በገጽ ቆጠረች። አንዱ እሑድ ማታ እንደ ምንም ይሸመደዳል። ሁለተኛው አይደርስም። ሰኞ ከአሥሩ ጥያቄ ስንቱ ከእሱ እንደሚመጣ ለማሰብ ሞከረችና ተወችው፤ መጽሐፉን ዘግታ ክንዷ ሥር ከተተችው። ከዚያ የመጋረጃውን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ ፈታች፣ ወደ ታችም አልጣለችውም፤ ክብደቱ ትከሻዋን እያዘነበለው በክንዷ እየሰበሰበች ጎትታ ወደ ክፍሉ አስገባችው።

አክስቷ ጨርቁ ወለሉ ላይ ሲንኮሻኮሽ ስትሰማ ዓይኗን ገለጠች። ቀጮ ከጎኗ ቁጭ ብላ ሦስተኛው ቁራጭ ከአራተኛው ጋር የተጋጠመበትን ስፌት ፈለገች፣ ጀርባውን ገለበጠች፣ የራሷን የተሳሳተ ቀስት አየች። ጠመኔው ገና አልለቀቀም። የመተርተሪያውን ምላጭ በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ይሂድ አልኩሽ እኮ» አለች አክስቷ።

«ሰማሁሽ።»

«ፈተናሽስ?»

«ትንሽ ይጎድላል። ባዮሎጂ ድሮም ከኔ ጋር አይዋደድም።»

«የኔ ልጅ፣ ስምንት ሜትር ነው። ከላይና ከታቹን ሳትቆጥሪ።»

«ቆጥሬዋለሁ።»

አክስቷ ተነስታ ልትቀመጥ ክንዷን ተመረኮዘች። ቀጮ መዳፏን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ እንደነበረች መለሰቻት። ይህን አድርጋባት አታውቅም፤ ሁለቱም ትንሽ አፈሩ። ቀጮ ወደ ስፌቱ አጎነበሰችና በምላጩ ጫፍ የመጀመሪያውን ጥልፍ በጠሰች። ሦስት ዘላ ሌላ በጠሰች። ከዚያ ሦስት ዘላ ሌላ። ጣቶቿ ቀድመው ያማቸው ነበር፤ አሁንም ያማቸዋል። ክሩን ስትስበው ፀጉሩ እንዳይነቀል ትንፋሿን ያዘች፤ ክሩ ብቻውን ወጣ።

ከአንድ ክንድ ያህል በኋላ ቀና አለች። አክስቷ እጆቿን አጣምራ፣ የሚተረተረውን ስፌት በዓይኗ ስትከተል ነበር።

«ማክሰኞ የት ነው የምትቀመጪው?» አለች ቀጮ።

ቀጮ አልደገመችላትም፤ ምላጩን አስገብታ ሦስት ጥልፍ ዘለለች፣ በጠሰች፣ እንደገና ሦስት ጥልፍ ዘለለች።

«መሃል ላይ» አለች አክስቷ በመጨረሻ። «ሙሉው የሚታየው ከመሃል ነው።»

ቀጮ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቀጣዩ ጥልፍ አጎነበሰች።